አቶ ባፈና የበሉት ከፊር

ዕዝራ፣
ጋቢ ላመጣ ወደ ጨንቻ እየወጣሁ ነው፤ መኪናው ሊሄድብኝ ነው። ወተት የምታረጋበትን የከፊር ፍሬህን ከመፈለግህ በፊት ይህን አንብብ።

ትናንት አንተ ሥራ ቦታ እያለህ አቶ ባፈና መጡ። "ልጄ ሊገባበት ነው፤ ቤቱን ልቀቁልኝ" አሉኝ። አከራይን በባዶ አፍ መሸኘት ከበደኝና ማጥለያው ላይ ያገኘሁትን አይብ በዳጣ ለውሼ አቀረብኩላቸው።

አይብ አልነበረም።

"ይሄ አይብ ጥርስ ይታገላል እንዴ?" አሉኝ እያኘኩ።
"የደጋ ላም እንዲህ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ሳህኑን ጠርገው በሉት።

ዛሬ ጠዋት በሩ ሲደበደብ ሊያስወጡን የመጡ መስሎኝ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ለካስ ስንት ዓመት ሲነፋቸው የኖረው ሆዳቸው ቀለል ብሎላቸው፣ እንቅልፋቸውን ጠግበው ነው የመጡት! "ልጄ ሌላ ቤት ይፈልግ። እናንተ ብቻ ያንን አይብ በየሳምንቱ አብሉኝ" አሉ። እኔም እሺ አልኩ።

የቀረችው ማጥለያው ጥግ ተወሽቃ ያገኘኋት አንዲት ፍሬ ናት። መደርደሪያው ላይ፣ የቡና ስኒ ውስጥ፣ ወተት አድርጌላታለሁ። የቆሸሸ ስኒ መስሎህ እንዳታጥባት። እንድትራባ ወተቷን ቶሎ ቶሎ ቀይርላት፤ ቤታችን ያለው በእሷ እጅ ነው።

ጥፋቴን አውቃለሁ።
ግን ጠዋት ጠዋት "ለጤና ነው" እያልክ ለብቻህ ስትጠጣ፣ አንድ ቀን እንኳ "ቅመስ" ብትለኝ ኖሮ ከአይብ እለየው ነበር።

ስትራባ ሁለት ብርጭቆ ቅዳ።

ሙከሚል