የተገለበጠችው ቅጠል

ይድረስ በቴሌግራም ዕቃ ለሚሸጡልኝ፣ ፊትዎን አይቼ ለማላውቀው ደንበኛዬ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ቤትዎ እንዴት ነው? እኔ እዚህ ሲግናል ሰፈር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብርጭቆዎቼ ግን ደህና አይደሉም። ሰርክ የምትባለው ጎረቤቴ ከእርስዎ ካዘዘችልኝ ስድስት ብርጭቆ አራቱ ተሰብረው ነው የደረሱኝ።

ቻናልዎ ላይ የገባሁት ልቆጣ ነበር። ሌሎች ግን ቀድመውኛል። አንዷ የስኳር ዕቃዋ ለሁለት ተከፍሎ እንደመጣላት ጽፋለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ እጅዎ ዕቃ ይዞ የሚያውቅ አይመስልም ብሎ ሰድቦዎታል። እርስዎ ለሁሉም ይቅርታ ይጠይቁና በጥንቃቄ እንዳሸጉት ይምላሉ። መሐላዎ የእውነት መሰለኝ፤ ታዲያ ማን ነው የሚሰብረው?

እኔ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የጠፋ ፋይል እስኪገኝ ምሳ የማይበላልኝ ሰው ነኝ። ባልደረባዬ ኃይለጊዮርጊስ ፖሊስ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር ይለኛል። እናም ስብርባሪውን ከመጣሌ በፊት ካርቶኑን መመርመር ጀመርኩ።

ወረቀት የለበትም፤ ስፖንጅም የለበትም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ያውም ረጅሙ ቅጠል ሳይሆን ለጋው ዛፍ ላይ ብቻ የሚገኘው፣ ክቡና አመድማው። አንዱ ረድፍ በቁመት፣ አንዱ በአግድም ተነጥፏል። ከሁሉም በላይ አንዲት ቅጠል ብቻዋን ተገልብጣ፣ ጀርባዋ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጣለች። ይህን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አጋጣሚ ይሆናል ብዬ በዚያው በሰርክ ስም ሳህን አዘዝኩ። ተሰንጥቆ መጣ፤ ላይኛዋ ቅጠል ተገልብጣለች። መስታወት አዘዝኩ። እሱም ያው። ዕቃውን በሞተር የሚያመጣልኝ ቀነኒሳ በሦስተኛው ጊዜ አዘነልኝና ምናለ ሌላ ቦታ ብትገዢ ብሎ መከረኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄ አበዛሁበት። ካርቶኑ ከሚሠራበት መጋዘን ሲረከበው ጀምሮ ውስጡ እንደሚንኳኳ ነገረኝ። እዚያም ከሻጩ ከመጣ በኋላ አምስትና ስድስት ቀን ተቀምጦ ነው የሚወጣው። ከየት ሰፈር እንደሚመጣ ግን አያውቅም።

አምስት ቀን የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። እሑድ ዕለት ከእንጦጦ ፓርክ ወደ ላይ፣ እናቴ ቤት ወጣሁና ከጓሮዋ ለጋ ቅጠል ቀነጠስኩ። ካርቶን ውስጥ አንድ እንቁላል አኑሬ፣ ከሥርም ከላይም ቅጠሉን ጠቅጥቄ በማግስቱ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ ስነቀንቀው ዝም አለ። ኃይለጊዮርጊስ ግን ቢሮው ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት ቤት መሰለ ብሎ መስኮት ከፈተ። ረቡዕ እንቁላሉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ዓርብ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ተሰማኝና ነቅንቄ ሳልጨርስ ተሰብሮ እጄ ረጠበ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ዕቃው ክፍት ቦታ ያገኛል። እናቴ ሾላ ገበያ እንቁላል በምታወርድበት ዘመን በማለዳ በቅጠል ታሽጋለች፤ ፀሐይ ሳይበረታ ተሸጦ ያልቃል። ቅጠሉ ለመድረቅ ጊዜ አልነበረውም። ሁለት ሴት ልጆቿ በመንገድ እንቁላል እንዳንሰርቃት ደግሞ ላይኛዋን ቅጠል ገልብጣ ታኖራለች። ከነካነው በዚያች ታውቅብናለች። ይህን ብልሃት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ እርስዎ እያልኩ መጻፍ አልችልም። እንዴት ነሽ፣ የእናቴ ልጅ? ከስተሻል ወይስ ወፍረሻል? የት ነው የምትኖሪው? ቅጠሉንስ ከየት ነው የምታመጪው?

በአባታችን አርባ ዕለት ፎቶውን ልትወለውዪ ስታወርጂ ከእጅሽ አመለጠ። እኔም በተጠራው ሰው ሁሉ ፊት አንቺ የነካሽው ሁሉ ይሰበራል አልኩሽ። በማግስቱ አልነበርሽም። ስልክሽንም ለወጥሽ። ምነው አፌን በቆረጠው እያልኩ ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ፤ ፎቶው የተንጠለጠለበት ገመድ በስብሶ ነበር የተበጠሰው። የተሰበረውን መስታወት ስጠርግ አየሁት። ሰዎቹ ገና አልሄዱም ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። ገመዱን እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ስለዚህ ስሚኝ። ያን ጊዜም ሆነ አሁን እጅሽ ምንም አልሰበረም። የእማዬን አሠራር አንዲት ሳታጓድዪ ነው ያሸግሽው፤ እማዬ ግን ዕቃዋን አምስት ቀን መጋዘን አስቀምጣ አታውቅም። ጭድ አድርጊበት። ለዚያም ለተሳዳቢው ሰውዬ ይህንኑ ጻፊለት፤ ካልሆነም እኔ እጽፍለታለሁ፣ ደስ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ ተመላሽ ዕቃ ነው ብዬ በቀነኒሳ እጅ ወደ መጋዘኑ እልከዋለሁ። ስብርባሪ መስሎሽ እንዳትጥዪው። ውስጡ በጭድ የታሸገ አንድ እንቁላል አለ፣ የእማዬ ዶሮ የጣለችው። ለእማዬ ስላንቺ ምንም አልነገርኳትም። ሳትመጪ ብትቀሪ ሁለተኛ እንዳታዝን ፈራሁ። ቅጠል ስቀነጥስ አይታኝ ለምንሽ ነው ስትለኝ ለጉንፋን ነው ብያት ነበር። እሷም አብራኝ ስትቀነጥስ ረጃጅሙን ትቼ ክብ ክቡን ብቻ እንደምለቅም አየች።

ዛሬ ካርቶኑን እሷ ቤት ክፍቱን ትቼ ማሸጊያ ፕላስተር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል መንገዱን ታያለች። ጭዱ ላይ አንዲት ክብ ቅጠል ተገልብጣ ተቀምጣለች። እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኳት።

መንገዱን ያቅናልሽ። እጅሽ ይባረክ።

ታላቅ እህትሽ