ስለ ላሜ ስለ ሉሴ እና ስለ ቆርቆሮው በረት

ለሐሙንዴ ወረዳ የዘመናዊ ወተት ልማት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎ፣ ከቢሮዎ ጀርባ ቆሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ጄኔሬተርም ደኅና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም አለን፤ ትንፋሻችን አልተቋረጠም። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎት። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለምባል፣ ጋዜጣ ደግሞ ስብሰባ ላይም ይነበባል ስላሉኝ ብቻ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ ስሜ ትዋምቦ ነው፤ መንደሩ የሉያንዶ እናት ይለኛል። በካሉንዱ መንደር፣ በእርስዎ እጅ፣ "አርአያ አርቢ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ከነቴራ የተሸለምኩት ሴት ነኝ። ከነቴራው እስከ ዛሬ አለ። የሞተችው ላሟ ናት።

ጽሕፈት ቤትዎ በቁጥር ያልቀረበ አቤቱታ እንደማያይ ስለተነገረኝ፣ እኔም በሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከሁሉ በፊት ስለ ትምህርቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እርስዎ ባይመጡልን ኖሮ እስከ ዛሬ በድንቁርና እንደኖርን እንቀር ነበር። እንደሚያውቁት፣ እኛ ቶንጋዎች ከብታችንን በአንድ በረት አናከማችም። አንዷን ላም ወንድም ዘንድ፣ አንዷን አክስት ዘንድ፣ አንዷን የባል ዘመዶች ዘንድ እናሳድራለን። ያሳደረው ሰው ወተቱን ይጠጣል፣ በበሬው ያርሳል፤ ላሟና ጥጆቿ ግን የባለቤቱ ናቸው። እዚህ ዝናብ ቢጠፋ እዚያ ሣር አይጠፋም፤ እዚያ በሽታ ቢገባ እዚህ ዘር ይተርፋል። ከብት ያለበት ቤት ደግሞ እግር አይጠፋበትም፤ ላሟን አያለሁ እያልን እኅትና ወንድም እንጠያየቃለን። እርስዎ ግን ከበራችን ዋርካ ሥር ቆመው፣ የቀዳሁልዎትን የበቆሎ መጠጥ፣ ቺብዋንቱ፣ በጥም ተጎንጭተው፣ "ጠዋት ሲነሣ ከብቱን በዓይኑ የማያይ ሰው አርቢ ሳይሆን ለማኝ ነው" አሉን። አጨበጨብን። ባለቤቴ ሃቺፑካም እንደ ሰው አጨበጨበ።

በመመሪያው መሠረት የተበተኑት ከብቶች ሁሉ ተሰብስበው ሲመጡ፣ እነሱን አስረክበን በምትካቸው አንዲት የውጭ ዝርያ ላም እንደምንወስድ ተነገረን። እኔም ወንድሜ ሙንሳካ ዘንድ ያለችውን ላም ላመጣ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ልጆቹ በዚያች ላም ወተት ነበር ያደጉት፤ ገመዱን ስፈታ ትንሿ ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። ሙንሳካ አልተቆጣኝም፤ "ውሰጃት እኅቴ፣ ያንቺው ናት። ግን ከእንግዲህ ምን ያመላልስሻል?" አለኝ። ዘመኑ ተቀይሯል ስለው፣ "ይቀየር፤ ዝናቡም እኮ አብሮ ተቀይሯል። እሱን ነገሯችሁ?" አለ። በወቅቱ ያልተማረ ሰው ንግግር መስሎኝ ታዘብኩት።

ሁለተኛ፤ ስለ ላሟ ማመስገን አለብኝ። በጭነት መኪና መጣች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጆሮዋ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ከነቁጥሩ የተሰካባት። ባለሙያዎችዎ ስም ማውጣት አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል ቢሉም፣ እኛ ስም የሌለው ከብት ማለብ አልለመድንምና ሉሴ አልኳት፤ ምሕረት ማለት ነው። ሐቁን ልናገር፤ ወተቷ ለጉድ ነበር። መንደሩ በሙሉ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን፣ በእርጎ በላ። ስትጠጣ ግን ጉድ ነው! በርሜሉን ገልብጣ እንደገና ወደ እኔ ታያለች። ስቀርባት የእጄን አንጓ ትልሰኛለች፤ አንጀት ትበላ ነበር።

በረቷ በእናንተ ንድፍ ተሠራ፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለሙቀቱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ። ሽቦው እንዲያልፍ ዋርካው ተቆረጠ። የእጅ ፓምፑ ከጉድጓዱ ተነቅሎ በቦታው ሞተር ገባ፤ "ከእንግዲህ እጃችሁ ይረፍ" ተባልን። እውነትም አረፈ። አሁን ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ እርስዎን አስባለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መብራቱ። ዝናቡ ከዳን፣ የትልቁ ግድብ ውሃ ወረደ፤ መብራት ሰው በተኛበት ብልጭ ብሎ የሚሄድ ነገር ሆነ። እርስዎን በዝናቡ አልወቅስም፤ ዝናብ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሥር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻ አያቶቻችን ለዚያው ግድብ ሲባል ከወንዛቸው ዳር ተነሥተው በመኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች ናቸው። አያቴ እስክትሞት ድረስ "ወንዜን ወስደው ስለ አምፖል ያወሩልኛል" ትል ነበር። እኔ የልጅ ልጇ አምፖሉን አገኘሁና፣ ላሜን እሱ ላይ አሰርኩ።

ምድሩን የምታቃጥለው የኦክቶበር ፀሐይ መጣች። ማራገቢያው ቆመ፣ ሞተሩ ቆመ፤ ቆርቆሮው ግን ሥራውን አላቋረጠም። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል አንድ ባለሙያ በጣም በትሕትና "እናቴ፣ ላሟን ጥላ ሥር ያቁሟት" ብሎ መከረኝ። ጥላውን እናንተ ቆርጣችሁታል ስለው "እሱን በጽሑፍ ያቅርቡ" አለኝ። ይኸው አቀረብኩ።

ወደ ወንዝ ልንነዳት ሞከርን። የቀድሞዎቹ ላሞቻችን ቢሆኑ በራሳቸው ይሄዱ ነበር፤ ውሃውን ከሩቅ ያሸቱታል። ሉሴ ግን ከሲሚንቶ ወርዳ የማታውቅ፣ ሰኮናዋ ለድንጋይ ያልተሠራ ነበርና ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። ጎረቤቶች ከኋላ ደገፏት፣ ሃቺፑካ ከፊት ለመናት። ከመካከላቸው አንዱ "ይቺ እኮ ላም አይደለችም፣ የቤት ዕቃ ናት" አለ። መልሰን አስገባናት። ለልጆቹ መጠጫ ያኖርኩትን ውሃ ሰጠኋት፤ እሱም ሲያልቅ ከወገቤ የማሸርጠውን ቺቴንጌዬን ጀሪካኑ ሥር በቀረችው እርጥበት ነክሬ አፏ ውስጥ ጨመቅኩላት። መጀመሪያ ትጮህ ነበር። በኋላ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ባሰብኝ። እጄን ስዘረጋላት እንደ ልማዷ ላሰችኝ፤ ምላሷ ደርቆ ነበር። ቀትር ላይ ሞተች። ክቡር ሆይ፣ እኔ እናትና አባት ቀብሬአለሁ፤ እንዲህ ግን ማንም "ውሃ፣ ውሃ" እያለ እየለመነኝ አልሞተብኝም። ሃቺፑካ ከዚያ ወዲህ በዚያ በረት በኩል አያልፍም። የአባቱን በሬዎች ስም እየጠራ ሲያወድስ ያድር የነበረ ሰው፣ ዛሬ ስለ ከብት ሲነሣ ተነሥቶ ይወጣል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ቁጥሩ ከዚህ አልሄድ አለኝ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሉሴ አንዲት ሴት ጥጃ ትታለች። ላሟን ስንወስድ በፈረምነው ውል መሠረት የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ለተከታዩ አባል ትሰጣለች፤ ተረኛዋም ጎረቤቴ የቡባላ እናት ናት። ሰኞ ፎቶ አንሺ ይዛችሁ ለርክክቡ እንደምትመጡም ተነግሮኛል። የቡባላ እናት ግን ቀድማ መጣችና ደጄ ተቀመጠች። "የሉያንዶ እናት፣ እኔም ያለኝ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሽቦ ነው። በሞቴ፣ ሞቷን ወደ እኔ ቤት አታዛውሪብኝ" አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ለካ እንዲህ ነው፤ ሰው የተሰጠውን ላም እየለመነ የሚመልስበት ዘመን ላይ ደረስን።

ስለዚህ ለሙንሳካ ደወልኩ። የልጆቹን ላም ፈትቼ የወሰድኩበት ወንድሜ ነው፤ ቢሰድበኝ እሰማለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በሬዎቹን ጎማ የሌለው የእንጨት ጋሪ አስጎትቶ መጣ፤ "ጥጃዋ የታለች?" ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መራመድ ስላቃታት ተሸክሞ ጫናትና ወደ ሸለቆው ይዟት ወረደ። ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ በውሉ መሠረት ሌባ ነኝ፣ ልትከሱኝ ትችላላችሁ።

ትናንት ደወለልኝ። እነሱ ዘንድ ወንዙ ከላይ ቢደርቅም አሸዋውን ሲቆፍሩት ውሃ ያመነጫል፤ ከብቶቹም ከዚያ ይጠጣሉ። "ትዋምቦ" አለኝ፣ "ውሃው አፍንጫዋ ሥር ነው። እሷ ግን ቀና ብላ ሰው ሰው ታያለች። ባልዲ ነው የምትጠብቀው መሰለኝ።" ታዲያ ምን አደረግክ ስለው፣ አጠገቧ ተንበርክኮ እያየችው በአፉ ከጉድጓዱ እንደጠጣላት ነገረኝ። ጠጣች ወይ አልኩት። "ከእጄ ትልሳለች እንጂ ጎንበስ አትልም። ገና ናት" አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪና ልካችሁ አታምጧት። ጎንበስ ብላ መጠጣት እስክትለምድ ድረስ እንኳ ተዉአት።

ለትምህርቱ፣ ለቆርቆሮውና ለሽልማቱ ውለታዎን በምን እንደምመልስ ግራ የገባኝ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ትዋምቦ
የቀድሞዋ አርአያ አርቢ
ካሉንዱ መንደር

ማሳሰቢያ፤ ሰኞ ከመጣችሁ በረቱን ጠርጌ እጠብቃችኋለሁ። ፎቶው ባዶ እንዳይሆን፣ ክቡርነትዎ ቀትር ላይ ጥቂት ሰዓት ቆርቆሮው ሥር ይቁሙልን። ውሃ ይጠማኛል ብለው አያስቡ፤ መብራት እንደ መጣ አቀርብልዎታለሁ።