የተሳፈረች ተሳላሚ

ሐሙስ

ተሳፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት። ለሰው ግን ትንፍሽ አልልም።

እህቴ በሰላም ከተገላገለች ከሰበታ ተነስቼ ተራራው ላይ ያለችው ማርያም ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ የተሳልኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እህቴ ወለደች፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን አየር ጤና ስደርስ ተረከዜ ተላጠ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስፌት መኪና ላይ ቁጭ የሚል ሰው እግር ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል? "ቡራዩ፣ የሞላ!" ሲባል ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ገባሁ። ማርያም እንዳታየኝ መሆኑ ነው! አይ እኔ።

ቡራዩ ጫፍ ወርጄ ወደ ገፈርሳ ሳዘግም አንዲት እናት ከበራቸው ጠሩኝ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ።

"ኮቱ፣ ግቢ! አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ከየት ነሽ?"

"ከሰበታ።"

"በእግርሽ?"

"አዎ" አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ቁጭ ሳልል ባለቤታቸው ኦቦ ዳባ ከኋላዬ ገቡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። "ከሰበታ በእግሯ!" አሏቸው አዴ ጫልቱ። አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ተንበርክከው እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። "ኧረ በማርያም፣ እርስዎማ አይሆንም" ብል ማን ሰምቶኝ። ይሄስ ወግ ነው፣ የመንገደኛ እግር ይታጠባል። እጣቢውን ግን አዴ ጫልቱ አልደፉትም። ይዘውት ጓዳ ገቡና ሦስት ወር ከአልጋ ያልተነሳችውን ልጃቸውን፣ ለሊሴን፣ እግሯን አሹበት። "በእግሯ የመጣች ተሳላሚ እጣቢ በረከት ነው፣ ያስነሳሻል" ሲሏት ሰማሁ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! ሽሮም አበሉኝ። የቤቱን ጥሩ ፍራሽ አንጥፈውልኛል።

ዓርብ

ጠዋት ቆሎ ቋጠሩልኝ። አዴ ጫልቱ የለሊሴን የክርስትና ስም በወረቀት አስጽፈው ሰጡኝ። "ወለተ ሚካኤል። የማርያም ሥዕል ፊት ቆመሽ ጥሪልኝ። አንቺን ትሰማሻለች" አሉኝ። እኔን!

ገፈርሳን፣ ባህር ዛፉን፣ ዳገቱን አለፍኩ። የያዝኩት፦ ቆሎ፣ ዣንጥላ፣ የሰው ልጅ ስም፣ ውሸት።

ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ደረስኩ። ሰው ይሳለማል፣ እልል ይላል። የእኔ እግር አልገባም አለ። በምን አፌ ስሟን ልጥራ? ከውጭ ተሳለምኩና ተመለስኩ። በታክሲ፣ እስከ አየር ጤና፣ ያቋረጥኩትን መንገድ ከዚያ ልጀምር! በእግሩ ለመሄድ ታክሲ የሚሳፈር ሰው እኔን አየሁ።

የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ። "ደርሰሽ መጣሽ?" ብትለኝ ሳል የያዘኝ አስመሰልኩ።

ቅዳሜ

ከአየር ጤና ቡራዩ በእግሬ። አንዲት እርምጃ አልሰረቅሁም። ታክሲዎቹ ፍጥነት እየቀነሱ ሲጠሩኝ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ተረከዜ ግን እሳት ሆኗል።

ኦቦ ዳባን ደጅ ላይ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠሁም።

"ኦቦ ዳባ፣ ዋሽቻችኋለሁ። ሐሙስ ከአየር ጤና በታክሲ ነው የመጣሁት።"

የያዙትን ሽቦ ጠምዝዘው ጨረሱ።

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ከኋላሽ ወንበር ነበርኩ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔስ ሳያድርም ጠርቶ ነበር። ሰውዬው እያወቁ ነው የተንበረከኩት! "ታዲያ ለምን አጠቡኝ?" አልኳቸው።

"ተረከዝሽ ይደማ ነበር። ቤቴ የገባ እንግዳም በባለቤቴ ፊት አይዋረድም።" ከዚያ ወደ ቤቱ እያዩ "ለእሷ ግን አንቺው ንገሪያት። ደስታዋን አይቼ እኔ አቃተኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አዴ ጫልቱ አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ምናለ በሰደቡኝ! ለሊሴ እንደተኛች ናት፣ ከጓዳ ሁሉንም ሰምታለች።

"ዛሬስ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ዛሬ በእግሬ ነው።"

እግሬን ብዙ አዩት። አላመኑኝም መሰለኝ፣ አልፈርድባቸውም። ልወጣ ስል "ስሟን ብቻ እንዳትረሺ" አሉኝ።

እሁድ

ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ቤተክርስቲያን ገባሁ። ለስለቴ፣ ለእህቴ፣ ለውሸቴ የምለው ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ሥዕሏ ፊት ስቆም ከአፌ የወጣው ወለተ ሚካኤል ብቻ ሆነ። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ ጠራሁት። ማርያም ከእኔ ትስማው አትስማው እንጃ።