የጂንካው ማር ሻጭ

ኮዬ ፈጬ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሞቲዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ ብጀምር ደኅና ነኝ ማለትህ አይቀርም፤ እኔም አላምንህም። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። እኔ ደኅና ነኝ። ውሃው እንደ ቀድሞው ሲያሰኘው ይመጣል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ዛሬም ዕቃ ሲጎትቱ ነው የሚውሉት፤ ቤት እየቀየሩ ይሁን ቤት እያፈረሱ እንጃላቸው። ስላንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ጂንካ፣ መንገድ ሥራ ላይ ነው" እላለሁ። የሹፌር ሚስት እንዲህ ብላ መመለስ አይከብዳትም።

ያ የነገርኩህ የዌብሳይት ውድድር አለቀ። በአንድ ወር ስለ አገራችን ከተሞች መቶ ጽሑፍ የጨረሰ ቋሚ ሥራ ያገኛል የተባለው። መጀመሪያ የማውቀውን ጻፍኩ፤ ስለ አቃቂ በሰቃ በያጆች፣ ስለ አዳማ፣ እናቴ ስለተወለደችበት ሞጆ። ጣቴ ስልኩ ላይ ይሮጥ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የማውቀው አገር በሳምንቱ አለቀብኝ። ከዚያ በኋላ ያላየሁት አገር ሁሉ "ማራኪ" ሆነ። ሕዝቡ ሁሉ "እንግዳ ተቀባይ"፣ የአየር ንብረቱ ሁሉ "ምቹ"፣ ገበያው ሁሉ "ደማቅ"። ጎንደር የሚለውን ፍቀህ ጎባ ብትልበት ማንም አይነቃም። ከዚህ ሁሉ መዓት ጽሑፍ የተረፈኝ ትምህርት አንድ ነው፤ ያላየ ሰው ያሞግሳል፣ ያየ ሰው ስለ አቧራው ያማርራል።

እንግዲህ ያንተንም መልእክት በዚህ ዓይን ማንበብ ጀመርኩልህ። ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር።

"ውድ ባለቤቴ፣ ጂንካ ማራኪ ከተማ ናት። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው። የአየር ንብረቱም ሞቃታማ ነው።"

ኧረ ባክህ! አንተ ደግሞ መቼ ነው የአየር ንብረት የሚባል ነገር አውቀህ የምታውቀው? ሲሞቅህ "ተቀቀልኩ" ትላለህ፤ ሲበርድህ ምንም ሳትተነፍስ ብርድ ልብሱን ከላዬ ትገፍፈዋለህ። ሐዋሳ ደርሰህ ስትመለስ እንኳ የምታወራልኝ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ ትራፊኩና ጥብሱን ስላሳረረችብህ ሴትዮ ነው። ደግሞስ "ውድ ባለቤቴ" ማን ናት? አሱ የት ሄደች? ስደውል ስልክህ ዝግ ነው። "ኔትወርክ የለም" የሚለው መልእክትህ ግን በነቢዩ ስልክ በኩል ይደርሰኛል። ለጓደኛህ የሚሠራ፣ ለሚስትህ የማይሠራ ኔትወርክ መሆኑ ነው!

አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሴት ነው። ጂንካ ብሎ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ቤት ተከራይቶ ይሆናል አልኩ። ነቢዩን ፊት ለፊት "ሌላ ይዟል?" ብዬ አፋጠጥኩት።

"በስመአብ! አሱ፣ ምን ነካሽ?" አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ነቢዩ ሻይ ትቶ ሲነሣ አይተህ ታውቃለህ? የባሰውን ጠረጠርኩ።

ከዚያ የማር ሻጩ ነገር መጣ። ለውድድሩ ስለ ጂንካ የጻፍኩትን ራስህ አንብበኸው ይሁን ነቢዩ ነግሮህ አላውቅም። መናኸሪያው በር ላይ ማር የሚሸጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ፣ ሰው ከየት እንደመጣ በድምፁ ብቻ ይለያሉ ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያንተ መልእክት መጣ፦ "ዛሬ ማር ሻጩን ሽማግሌ አገኘኋቸው። ገና አፌን ስከፍት 'አንተ የአቃቂ ልጅ ነህ' አሉኝ። ስላንቺም ነገርኳቸው።"

ሞቲ፣ ሽማግሌው የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ስለ ጂንካ የምለው ቢያልቅብኝ እዚሁ አልጋችን ላይ ቁጭ ብዬ ነው የፈጠርኳቸው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ብቻዬን እስክፈርስ ሳቅኩ። ከዚያ ነቃሁ። ጂንካ ያለ ሰው ጂንካን ከእኔ አይማርም። ሽማግሌውን ልሰርዛቸው ብዬ ስልኬን ከፈትኩ፤ እጄ እምቢ አለ። እሳቸውን ብሰርዝ እዚያ አገር አንተን የሚያውቅህ አንድ ሰው እንኳ የማይኖር መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም፤ ውድድሩም አለፈኝ። ሥራውን ያገኘችው ሌላ ናት፤ ይሁንላት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ነቢዩ መጥቶ ሞቲ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ ጫማና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሰሃን ይፈልጋል አለኝ። ለዚያ "ሞቃታማ" አገር! ሰሃኑንና ነጠላ ጫማውን ልገዛ ታች ሐጀራ ሱቅ ወረድኩ። ሐጀራ እዚህ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ዘመን ቃሊቲ ነው የነገደችው። የምፈልገውን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን ታስሮባችሁ ነው?" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"ውይ፣ አፌን! ሱቄ ማረሚያ ቤቱ መንገድ ላይ ስለነበር እኮ ነው። ጠያቂ ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚገዛው።"

"ለባሌ ነው። ጂንካ ነው ያለው" አልኳት።

ዕቃውን ከረጢት ውስጥ ከትታ ሳሙና ጨመረችበት። ሳሙናውንም ልክፈል ስላት "ተዪው፣ እሱ ከእኔ ነው። አላህ ያግራለት" አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ ሄድኩ። ከጠያቂዎቹ ጋር ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴት "ማንን ነው?" ስትባል የባሏን ስም ከነአባቱ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ምንም አላፈረችም። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ከሰልፉ ወጣሁ። ስምህን ጠርቼ "እንዲህ የሚባል የለም" ቢሉኝ ሴት አለች ማለት ነው። "አለ" ቢሉኝስ? ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ "ምነው እዚያ በሆነ" ብዬ ተመኘሁልህ። ባሏ እስር ቤት እንዲሆን የምትመኝ ሴት አድርገኸኛል ሞቲ። ለዚህ ለብቻው እጣላሃለሁ።

ከእንግዲህ ስለ ጂንካ አትጻፍልኝ፤ ጠገብኩት። ያለህበትን ንገረኝ። አጠገብህ የሚተኛው ማን ነው? ያንኮራፋል? ሲነጋ መጀመሪያ የምትሰማው ምንድን ነው? ሰው ገጭተህ ከሆነ ገጨሁ በለኝ፤ ሞቶም ከሆነ ሞተ በለኝ። ለቅሶ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ ላንተም ስንቅ አመላልሳለሁ። ሌላ ሴት ጋ ከሆንክም ጻፈው። ያን ጊዜ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።

ነቢዩ ይህን ደብዳቤ "ለጂንካ አውቶቡስ ሰጥቼ በሦስተኛው ቀን ይደርሰዋል" ብሎኛል። ዓይኔን ግን አላየኝም። ባዶ ወረቀት አጥፌ ጨምሬልሃለሁ። በራስህ እጅ ጻፍ፤ ሁለት መስመር ይበቃኛል። እሁድ ሄጄ እሰለፋለሁ። ብትጽፍም ባትጽፍም እሰለፋለሁ። ብትጽፍልኝ ግን ስምህን ከነአባትህ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ብርዱ አይድፈርህ። በር ከፋች አምላክ ይክፈትልህ።

ያንተው አሱ
አሰጋሽ