በሩ ላይ የቆመው ሰው፦ የወይዘሮ ሺዙ ኦሳዳ የሕይወት ታሪክ

«ኦሳዳ የፊልሙን መጨረሻ የለወጠው ለሺዙ ብሎ ነው።» ኦታሩ ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ኩማ የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ገዝቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ኩማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶፉውን በቢላ፣ ወሬውን በአፍ እየቆረሱ ሲያድሉ ኖረዋል። ትናንት ለለቅሶ ሲመጡም ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ደገሙት። ዛሬም ከፊት ተቀምጠዋል። ስለዚህ የአያቴን ሕይወት ከእሳቸው አፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንድትሰሙት ቤተሰቡ ጻፊ ብሎኛል። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ያላጣራሁትን ግን አልጻፍኩም።

ወይዘሮ ሺዙ ከአባታቸው ከዓሣ በርሜል ሠሪው ከአቶ ማታኪቺ ሂኖ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታኬ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1908 ዓ.ም. በሰሜን ጃፓን፣ በኦታሩ ወደብ ሰፈር ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የዓሣ መረብ የሚያንሳፍፉ የብርጭቆ ኳሶች ከሚሠሩበት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው ኳሱ ሳይሰበር በገመድ መጠቅለል ነበር። ቀን ብርጭቆ ሲጠቀልሉ ውለው፣ ከሥራ ሲወጡ ከእኅት ከወንድም ተደብቀው ሲኒማ ቤት ይገቡ ነበር።

በዚያ ዘመን ፊልሙ ዲዳ ነበር። ከሸራው ጎን ግን ቤንሺ የሚባለው ተራኪ ቆሞ የሴቱንም፣ የወንዱንም፣ የሕፃኑንም ቃል በራሱ ድምፅ ይናገራል። ሰው ሲኒማ ቤት የሚመርጠው በተዋናዩ ሳይሆን በተራኪው ነበር። አያቴ ግን ተራኪውንም ቢሆን በጥርጣሬ ዓይን ነበር የሚያዩት። አንድ ጊዜ ሕዝቡ መሀረቡን አውጥቶ ሲያለቅስ፣ «ይሄ ውሻ ባለፈው ወር ሞቶ አልነበር እንዴ? ዛሬ ደግሞ ምን ሊሠራ መጣ?» ብለው ጮኹ። ተራኪው አቶ ሪዮሳኩ ኦሳዳ ነበሩ። ትረካቸውን ሳያቋርጡ፣ «ውሻውም እንደ እኛ ደሞዝተኛ ነው፣ እመቤቴ» ብለው መለሱላቸው። የሚያለቅሰው አዳራሽ በሳቅ ፈረሰ ይባላል። ትውውቃቸው ይህ ነበር።

በ1925 ዓ.ም. ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ካጂሮ ኢናሚ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በዓመቱ በጸደይ አቶ ካጂሮ ሸርጣን ወደሚጠመድበት ወደ ካምቻትካ ባሕር ሄዱ። በመከር ሌሎቹ መርከቦች ሲመለሱ የእሳቸው አልተመለሰም። አያቴ በየማለዳው የባላቸውን ሩዝና ሾርባ በቦታቸው ያቀርቡ ነበር። ይህ መንገድ ላይ ላለ ሰው የሚቀርብ ማዕድ ነው። የባላቸው ቤተሰብ ግን የአቶ ካጂሮ ስም በሟቾች ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከቤቱ መሠዊያ እንዲቀመጥ ፈለገ። ለሕያው የሚቀርብ ሩዝና ለሙት የሚቀርብ ሩዝ አንድ ቤት ውስጥ ሊቀመጡ አይችሉም። አያቴ ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ስጡኝ ብለው ለመኑ።

በየካቲት 1927 ዓ.ም. ያ ፊልም ከሆሊውድ መጣ። ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት አንድ ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሴትየዋ ከወንበሯ ትነሣለች። የሚታየን የሰውየው ጀርባ ብቻ ነው። ፊልሙ ትልልቆቹን ከተሞች ዞሮ ኦታሩ ሲደርስ ተበጣጥሶ ስለነበር እዚያው ላይ ይቆረጣል። አቶ ኦሳዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሏ ነው። መጣ» አሉ። አያቴ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በማግስቱ ለአማቶቻቸው፣ «ሰሌዳውን አላስገባም» አሉ።

አምስት ዓመት ጠበቁ። ሁለት ደህና ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋቸው መልሰዋቸዋል። በመካከሉ ወይዘሮ ኩማ እኅታቸውን ሊጠይቁ ሳፖሮ ሄደው ያንኑ የተበጣጠሰ ፊልም በሌላ ተራኪ አይተው ተመለሱ። «ሺዙ፣ ጉድሽን ስሚ! ሳፖሮ ላይ እኮ ሰውየው ባሏ አይደለም። መርዶ ነጋሪ ነው። ኦሳዳ አንቺን አይቶ ነው የለወጠው!» የሳፖሮው ተራኪ ሰው ካላስለቀሰ እራት የማይዋጥለት ነበር፤ ይህን ወይዘሮ ኩማ አልጨመሩበትም። አያቴ ቶፉውን ሳይወስዱ ወጡ።

በ1932 ዓ.ም. የመርከቧ ስባሪ መገኘቱ ተረጋገጠና የአቶ ካጂሮ ሰሌዳ ገባ። የማለዳው ማዕድ ተነሣ። በዚያው ሰሞን ፊልሙ ራሱ መናገር ስለጀመረ ተራኪዎቹ ከሥራ ተሰናበቱ። አቶ ኦሳዳ የሥዕል ሣጥን በብስክሌት ጭነው በየመንደሩ ተረት እየተረኩ ከረሜላ መሸጥ ጀመሩ። አያቴ መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቋቸው።

«ያ ሰውዬ ማን ነበር?»

«ባሏ ነበር። ያየሽውን ነው የነገርኩሽ።»

«ያየሁት ጀርባ ነው!»

«እኔም ከፊልሙ ጋር ተጽፎ የተላከልኝን ታሪክ ነው ያነበብኩት።»

«የት አለ የተላከልህ?»

«ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ምድጃ ማንደጃ አደረጉት።»

አያቴ አላመኑም። በ1934 ዓ.ም. ግን አገቧቸው። እናቴ ፉሚ ልጅ ሆና ለምን አባባን አገባሽው ብትላቸው፣ «ለአንዲት መበለት ሲል አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚዋሽ ወንድ ሌላ የት አገኛለሁ?» አሏት። በሌላ ቀን በሌላ ነገር ተናደው ደግሞ፣ «አምስት ዓመቴን የበላ ውሸታም!» ሲሉ ሰምታቸዋለች። ለአያቴ ያ አንድ ቃል ወይ የተሰረቀ ዕድሜ ነው፣ ወይ ከሰው ያገኙት ትልቁ ስጦታ። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከሰውየው ጋር ከአንድ ድስት በሉ።

ባለድምፅ ፊልሞች ሲበዙ ብዙ ወዳጆቻቸው ሲኒማ ቤቱን አኮረፉ። አያቴ ግን ደስ አላቸው፤ «አሁን ማንም በመካከል ገብቶ አይዋሸኝም» አሉ። አንዱን ፊልም ከጠዋቱ ትርዒት እስከ ምሽቱ ድረስ ከወንበራቸው ሳይነሡ እየደጋገሙ በማየት እንግሊዝኛ በጆሯቸው ለቀሙ። ከዚያ ወዲህ ከሸራው ሥር የሚጻፈውንም ትርጉም መጠርጠር ጀመሩ። «ሰውየው ሦስት ዓረፍተ ነገር ተሳደበ፣ እነሱ ‹ደህና ሁን› ብለው ጻፉ!» እያሉ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሁሉ ያስነሡ ነበር።

በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ተከለከለ። ሰፈሩ ሲፈተሽ የፊልም ማስታወቂያዎቻቸውን በሰም ወረቀት ጠቅልለው የፍጅል ሥር በጨው ከሚጎመዝዝበት በርሜል ሥር ቀበሯቸው። ዳኑ፤ እስከ ዛሬ ግን እያንዳንዷ የሆሊውድ ቆንጆ ፍጅል ፍጅል ትሸታለች። ከጦርነቱ በኋላ እንደ እሳቸው ፊልም ከሚወዱት ከአቶ ቴራኦ ጋር የኦታሩን የድምፅ አልባ ፊልም ወዳጆች ማኅበር መሠረቱ። አቶ ቴራኦ ያንን ፊልም በየአገሩ ቢያፈላልጉ ከየትም ጠፋ። አያቴ እሳቸውንም፣ «አግኝተህ ደብቀኸኝ እንዳይሆን!» ይሏቸው ነበር።

አቶ ኦሳዳ በ1968 ዓ.ም. በጨጓራ ሕመም አረፉ። አያቴ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጊዜ እንደገና ጠየቋቸው። ባለቤታቸው ያ ሁሉ ሕመም እያለባቸው ሳቁ። «ሺዙ፣ አሁንም? ባሏ ነው አልኩሽ እኮ!» አያቴ በኋላ፣ «የሚሞት ሰው አይስቅም። የሚስቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» ብለዋል።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ዓይናቸው ፈዘዘ። ከሥራ ስመለስ የቪዲዮ ካሴት እየከፈትኩ የምተርክላቸው እኔ ነበርኩ። «ዞር አለች... ደብዳቤውን ቀደደችው...» ስል እጄን ያዝ ያደርጉኛል። «በእውነት ቀደደችው ወይስ ዝም ብለሽ ነው ቀደደችው ያልሽኝ?» ያልሆነ ነገር ነግሬያቸው አላውቅም። አላመኑኝም። ሲያሰናብቱኝ ግን ሁልጊዜ፣ «አያትሽ ካንቺ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ሲዋሽ ያምርበታል» ይሉኝ ነበር።

ወይዘሮ ሺዙ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው፣ በኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም. በተወለዱ በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አንድ ሴት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ፣ ፍጅል የሚሸት የማስታወቂያ ክምር፣ እንዲሁም በአንድም ነገር ያላመኗቸው ግን ሞልተው የመጡ ወዳጆች ትተዋል። ሙታን ሁሉ የሚሻገሩት ወንዝ ይርጋላቸው። በማዶ ጨለማ አዳራሽ ካለ ከፊት ወንበር ይያዝላቸው፤ የጠየቁትንም ሳይስቅ የሚመልስላቸው አይጡ።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት ማታ፣ አቶ ቴራኦ በሩ ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ያ ፊልም ባሕር ማዶ ከአንድ አሮጌ ጎተራ ሙሉውን ተገኝቶ፣ አያቴ ባረፉበት ሳምንት ቶኪዮ ላይ ታይቷል። እሳቸውም ሄደው አይተውታል። ኦታሩ ላይ የተቆረጠችው ቁራጭ በቦታዋ አለች፤ በውስጧ ሰውየው ወደ እኛ ይዞራል።

ባሏ ነው። አቶ ኦሳዳ የተላከላቸውን ነበር ያነበቡት።