ያስመረጥከኝ ስም

ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ ወይ? የምትከራየው ቤት ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? እኛ ጋ ዝናቡ ካቆመ ወር አልፎታል፤ በርበሬውም መድረቅ ጀምሯል። እኔ በአካሌ ምንም አልሆንኩም። ከአካሌ ሌላ ያለውን እንዳልዋሽህ እዚህ ላይ ልተወው።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ያረጋል እንደሆነ ታውቃለህ። ይኼኛውን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ፣ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ። ነገሩ ለሰው ተነግሮ የሚጻፍ አይደለም። ለሰው በመንገሩ እንኳ አንተ ቀድመኸኛል።

በመስከረም የላክህልኝ ደብዳቤ ፊቴ ተዘርግቷል። አዲስ የሙዚቃ ቴአትር ጽፌያለሁ፣ ዘፈኑ ብቻ አሥራ አንድ ነው ትላለህ። ሥራ አስኪያጃችሁ ያለፈው ቴአትር በስሙ የተነሳ አዳራሹን ባዶ አስቀርቶታል፣ የዘንድሮው ስሙ ገና ሲጠራ ሰው የሚጎትት ይሁን ብሎሃል። ሰባት ስም ጽፈህ ላክህልኝ። እታለም፣ አንቺ ገበያ ውስጥ ያደግሽ ነሽ፣ ሰው የቱ ላይ ዞር እንደሚል አይተሽ ንገሪኝ ብለህ ለመንከኝ። ታሪኩ ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፍክም። እኔም ሞኟ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

እንዴት እንደፈተንኳቸው ያኔ አጫውቼሃለሁ። ደግሜ ልጻፍልህ፣ አሁን ስታነበው ሌላ ይሆንብሃል።

ዓርብ ገበያ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ሀቢቡን፣ ያንን አዲስ አበባ አዲስ አበባ እያለ ተሳፋሪ የሚጠራውን፣ በጥሪው መሃል አንዳንድ ስም ጣል እንዲያደርግልኝ አግባባሁት። እኔ በርበሬዬን ዘርግቼ የሰዉን አንገት አያለሁ። «የንጋት ጉዞ» ሲል ማንም ዞር አላለም። «የቅናት ገመድ» ሲል አንዲት ልጅ ዘፈን ነው ብላ አለፈች። «ለቅሶ በሠርግ ቀን» ሲል አንድ ሽማግሌ አማትበው የማን ቤት ነው ብለው ጠየቁ። «እህቴ ያልኳት» ሲል ግን ተሳፍረው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ቅቤ ነጋዴዋ ዘይባ ሚዛኗን አስቀምጣ ምን አደረገቻት አለችኝ። ቲኬት ቆርጠሽ እዪ አልኳት። ያን ቀን በርበሬ የገዛኝ ሁሉ እሱኑ ሲጠይቀኝ ዋለ። ሀቢቡ ድምፁ ሲዘጋ እኔ ራሴ ተነስቼ ጠራሁት፣ በገዛ አፌ፣ በሞላ ገበያ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ይኼኛው ይሸጣል ብዬ ስጽፍልህ፣ አንቺን ነበር ሥራ አስኪያጅ ማድረግ ብለህ መለስክልኝ። ቴአትሩ ቡታጅራ ሲመጣ ለእኔና ለወርቅውሃ የፊት ወንበር ያዝክልን። ለማስታወቂያ በተዘረጋው አቡጀዲ ላይ ስሙን የጻፈችውም ወርቅውሃ ናት፤ እጅ ጽሑፏ እንዴት እንደሚያምር ታውቃለህ። በቀይ ቀለም ጽፋ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ፊት ለፊቱ ምሰሶ አሳሰረችው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ታናሻችን።

አንተ በጉንፋኑ ምክንያት ብትቀርም፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ በየመስኮቱ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት የእንሰት ጓሮ አየሁ፤ አገሩን አልረሳም ብዬ ደስ አለኝ። ልጃገረዷ መጥታ ዘፈነች፣ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ የማንም ልጃገረድ መስላኝ ነበር። ቀጥሎ እናትየዋ ገባች። አሮጌ ነጠላ አጣጥፋ ሆዷ ላይ ታስራለች፣ ጎረቤት እርጉዝ ናት እንዲላት። የምታስርበት መቀነት ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ጫፉን አንድ ትንሽ ልጅ ይዞላታል። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የሚያስቅ ዘፈን ነው ያወጣህላት፤ ወር በወጣ ቁጥር አንድ ነጠላ ይጨመርላታል፣ ሰው ያጨበጭባል።

ያ መቀነት ለምን እንደታሰረ የሚያውቅ ሰው ሦስት ብቻ ነበር። የታጠቀችው፣ የታጠቀችላትና ጫፉን የያዘው። ያኔ አሥር ዓመትህ ነበር። እናታችን ሆዷን አስራ ገበያ ስትወጣ፣ እኔ ጓዳ ተዘግቶብኝ ስከርም ውሃ የምታቀብለኝ አንተ ነበርክ። እሷ ልትሞት ስትል እጇን ይዘህ እንደማትናገር ምለህላታል። ካረፈች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ለካ የምትጠብቀው የእሷን ሞት ብቻ ኖሯል። እኔ አልሞትኩም፣ ወንድሜ። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

አባትየውን ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ አድርገኸዋል። ለዚያ እንኳ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከድተኸኛል። ቃሉን ጽፌ ሁለቴ ሰረዝኩት፣ ግን ሌላ የለውም። ቴአትሩ መጥፎ ቢሆን በቀለለኝ ነበር። ያምራል። ልጃገረዷ ሕፃኗ በወዲያኛው ክፍል ስታለቅስ እየሰማች፣ አትነሺ ተብላ ግድግዳውን ይዛ የዘፈነችው ዘፈን፣ ያን ቀን እኔ የሆንኩትን ማን ነገረህ? ለማንም አልተናገርኩም። በበሩ ቀዳዳ ታየኝ ነበር ማለት ነው። አይተኸኝ ኖሮ፣ እንዴት በቲኬት አሳየኸኝ?

ወርቅውሃ አጠገቤ ነበረች። መጀመሪያ ከሰው ጋር ሳቀች። መቀነቱ ዳግመኛ ሲወጣ አቆመች። ታውቀዋለች፤ የእናታችንን ሳጥን ስናስተካክል አግኝታው፣ እንዲህ የሚያምር መቀነት ለምን አትታጠቂውም ብላኝ ነበር። ሰው ተነስቶ ሲያጨበጭብ እሷ እጇን ጉያዋ ከታ ተቀመጠች። ስንወጣ ዘይባ መንገድ ላይ ያዘችንና፣ ወላሂ አንጀቴን በላችው፣ እህቴ እያሉ የገዛ ልጅን ማሳደግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው ብላ አለቀሰች። ወርቅውሃ መሐረብ ሰጠቻት።

ቤት እስክንደርስ መልሴን አዘጋጀሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳዘጋጀው የኖርኩት መልስ አለኝ። እሷ ግን ያንን አልጠየቀችኝም። ስሙን ማን መረጠው አለችኝ። ወንድማችን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ አልኳት። ገበያ መሃል ቆሜ የጠራሁትም እኔ ነኝ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይቀድማት ሄዳ አቡጀዲውን አወረደችው። ሁለት ጊዜ አጠበችው፣ ቀለሙ አልለቀቀም። አሁን ታጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከመቀነቱ ጋር አለ።

በሚመጣው ሳምንት ወልቂጤ እንደምታሳዩ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ነግሮኛል፤ ይኼን ደብዳቤም በእጅህ የሚያደርስልህ እሱ ነው። ስሙን ቀይር አልልህም። ስሙ ይሸጣል፣ ፈትኜዋለሁ። መቀነቱን ግን አውጣልኝ። ነጠላውንም አውጣልኝ። እናታችን የታጠቀችው ለሳቅ አልነበረም፤ አንተም ያን ጊዜ ጫፉን ይዘህ አልሳቅክም። ከወልቂጤ ስትመለስ ደግሞ ወደ ቤት ና። ሀቢቡ አውቶቡስ ተራ ላይ አሁንም ያንን ስም ለቀልድ እየጠራው ነው። ሰምተህ እለፍና ና።

ወርቅውሃ ቴአትሩን ካየች ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው። ውሃ ትቀዳልኛለች፣ በርበሬ ትለቅምልኛለች፣ ራት ታቀርብልኛለች። እታለም ብላ ግን አልጠራችኝም። ሌላም ብላ አልጠራችኝም። ስትፈልገኝ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች።

ብዕርህን አይንጠቅህ። ያሳደገህን ደጅ አያስረሳህ። የእናታችን አምላክ በመንገድህ ሁሉ ይከተልህ። ይኼን ስጽፍ እጄ እምቢ አላለኝም፣ ከልቤ ነው ማለት ነው።

ታላቅ እህትህ