በቀኙ በር እጀታ ሥር

ይድረስ ለአበልጄ፣ ክሊቭላንድ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ ያ ማታ ማታ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለሽ ወይ? ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሰው ጥፍር ሲሠሩ መዋል ጀርባ ይበላል። የራስሽ ጥፍር እንዲያ ረዝሞ የሌላውን እንዴት እንደምትሠሪው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤ ስታዪ “ምነው፣ ስልኳ ተቆረጠ እንዴ?” ማለትሽ አይቀርም። ስልክ ላይ መሃል እየገባሽ ታስቂኛለሽ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም፣ እንደ ልቤ ላውራ ብዬ ነው።

የክርስትና ልጅሽ ሩሃማ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ሙሽራ ልትሆን ነው። ደስታዬን የት እንደማደርገው አጥቻለሁ! ዎርዝንግተን፣ የምሠራበት የሽማግሌዎቹ ቤት፣ ሾርባ እያማሰልኩ እልል ስል አሮጊቶቹ ፈረንጆች ያጨበጭቡልኛል፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ። ከዚያ ሙሽራዋ በራሳችን ጥቁር መኪና ትሂድ ብዬ ቆረጥኩ። አምና ለፋሲካ የገዛናት፣ አንቺ እስካሁን በዓይንሽ ያላየሻት። ሩሃማ “ማም፣ ጀስት ሬንት ኤ ሊሞ!” ብላ ጮኸችብኝ። በኪራይ መኪና አይደለም፣ እናትሽ በእጇ ባሳመረችው ትሄጃለሽ አልኳትና ዘጋሁት።

ግን ስትቀረብ! ኧረ ጉድ ነው እቴ! ፊቷ ላይ የደረቀው የትንኝ ሬሳ፣ ጣሪያዋ ላይ የወፍ ኩስ፣ ወንበር ሥር የሻገተ ድንች። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ነው ያጸዳሁት። ባሌ ለማ በየሐሙሱ ለሥራ ወደናንተ ክሊቭላንድ ይነዳታል። ስንቴ “አበልጄን ጎራ ብለህ ጠይቃት” ስለው “ጊዜ የታለኝ፣ ደርሶ መመለስ ነው” ይለኛል። የሚያጥባት ደግሞ በዚያ ብሩሹ በሚሽከረከረው ማጠቢያ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ቀለሟ የሸረሪት ድር ያደራበት ይመስላል። ይባስ ብሎ አገር ቤት ታክሲ ሲነዳ የለመደው ናፍጣ አለልሽ። በጨርቅ ነክሮ ይወለውላታል። ለአንድ ቀን ታበራለች፣ በማግስቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለቅማ ትመጣለች። ጋራዡ ናፍጣ፣ እጁ ናፍጣ። ያቅለሸልሸኛል።

ዋይትሆል ጋሼ ተፈሪ ዘንድ ሄድኩ፤ መኪና እያሳመረ ሦስት ልጅ ኮሌጅ ያስገባው። ሁለት ጠርሙስ ፖሊሽ አምጥቶ ፊቴ ደረደረና እንዲህ አለኝ፦ “የኔ እህት፣ አንቺ በሦስት ዓይነት ፖሊሽ አትለፊም፣ የሚበቃሽ በአንድ ዙር የሚጨርሰው ነው። እሱም ግን ሁለት ዓይነት ነው። ይሄኛው ዘይትና ሰም አለበት፤ ጭረቱን ይሞላዋል እንጂ አያነሣውም። ሦስት ጊዜ ስታጥቢው ጉዱ ይወጣል። መጨረሻ ቀለሙን እንዲጠብቅ የምትቀቢው ሲላንትም ዘይት ላይ አይይዝልሽም። ያኛው ግን ጭረቱን ራሱን ይልገዋል።” ዋጋቸው ያው ነው፤ ሞክረሽ ምረጪ ብሎ ከሁለቱም በትንሽ በትንሹ ሰጠኝ።

ኮፈኗ ላይ ቴፕ ለጥፌ ሁለት ቦታ ከፈልኩና አንዱን በዚያ፣ አንዱን በዚህ አሸሁ። አልዋሽሽም፣ የሚሸፍነው ይበልጥ አብረቀረቀ! ልቤ ወደሱ ሄደ። አልኮል በውሃ በጥብጬ ሳሳልፍበት ግን፣ ያ ሁሉ ድር ተመልሶ ቁጭ! እንደሱ ያስጠላኝ ነገር የለም። ሌላኛው እንዳማረ ቀረ። በቃ፣ እሱን መረጥኩ።

ከዚያ በስልኬ መብራት እየዞርኩ ሌላ ምን ጉድ አለባት ብዬ አየሁ። የኋላዎቹ በሮች ምንም አልሆኑም። የቀኙ የፊት በር፣ ሹፌር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የሚገባበት፣ እጀታው ሥር እጅ የምትገባባት ጎድጓዳ በጥፍር ተቧጭራለች። አንዴ ሁለቴ አይምሰልሽ፣ ድመት ስትመላለስበት የኖረች ነው የሚመስለው። የኔ ጥፍር አጭር መሆኑን ታውቂያለሽ፣ የወጥ ቤት አለቃዬ ስትመረምረን ነው የምትውል። ሩሃማ እንደሆነ ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች። ሳቄ መጣና ላንቺ ደውዬ ስለ ፖሊሾቹም ስለ እጀታዋም ነገርኩሽ። “መኪናችን ጥፍራም ወዳጅ አበጅታለች” ስልሽ አብረን ሳቅን። ከዚያ “አንቺ ደግሞ፣ ማን አጎንብሶ ያየዋል! የሚሸፍነውን ቀቢውና ተገላገይ” አልሽኝ። ደንበኛ መጣብኝ ብለሽም ቶሎ ዘጋሽው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ኮፈኗ ላይ ቴፑ እንደተለጠፈ ነው። ጎንና ጎኗ ድሩን እንዳደራ ነው። ያቺ የቀኝ በር እጀታ ብቻ በናፍጣ ተወልውላ ታበራለች። ጨርቁም እዚያው ሥሯ ወድቋል።

አበልጄ፣ ለለማ ስለዚያ ጭረት ትንፍሽ አላልኩም። ለሩሃማም አልነገርኩም። የነገርኩት ላንቺ ነው።

ያ ናፍጣ ሸተተኝና ሄጄ አስመለስኩ፤ ፆም ስለሆነ የወጣው ውሃ ብቻ ነው።

አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩና እጀታዋን በሳሙና አጠብኳት፣ አልኮሉንም አሳለፍኩባት። ጭረቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ለማ ሲገባ ራቱን ሰጠሁት። ሲጨርስ “ናፍጣህን ከጋራዥ አውጣልኝ” አልኩት። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነሥቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቤዝመንት ነው የሚተኛው። ለሩሃማ ማንኮራፋቱ አስቸገረኝ ብያታለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ አሸሁልሽ። ክንዴ ዛለ፣ ግን ምን ልበልሽ፣ እንዲህ ያለ ደስታም አለ ለካ! አንዱን በር ጨርሼ ቀና ስል ፊቴን አየሁበት። አርጅቻለሁ፤ ግን ሴትዮዋ ታምራለች፣ ልታዪያት ይገባል። ያቺን እጀታ በቴፕ ሸፍኜ አለፍኳት፤ ፖሊሹ አልነካትም። የሲላንቱ ተራ ሲደርስ ቴፑን ላጥኩና እንዳለች እላይዋ ላይ ቀባሁባት። መስታወት አለበስኳት በይው። ጋሼ ተፈሪ ሊያያት መጥቶ ዞር ዞር አለና “ይቺን ረስተሻታል” አለኝ። አልረሳኋትም አልኩት። አየት አደረገኝና ወደ ሌላኛው በር ዞረ።

አሁን ወደ ሰርጉ ልመለስ። ሩሃማ “የክርስትና እናቴ ሳትመጣ ከቤት አልወጣም” ብላ ምላለች። ልጄ የምታውቀው ነገር የለም፣ ከኔም አፍ አትሰማም። ቀኗ ሙሉ ይሁንላት። በሰማንያ ቀኗ ከጠበል ተቀብለሽ ያቀፍሻት አንቺ ነሽ። ያን ዕለት ትዝ ይልሻል? ሕፃኗን እንዳይቧጥጣት ብለሽ ያን የመሰለ ጥፍርሽን ከሥሩ ቆርጠሽ ነበር የመጣሽው። እንዴት እንደወደድኩሽ!

ዘንድሮ እንዳትቆርጪው። እንዳለሽ ነይ።

ዓርብ ከሰዓት አውቶቡስ ጣቢያ እኔው መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ለማን አልልከውም። ሻንጣሽን ኋላ እጭናለሁ። አንቺ ፊት፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። በሩን ግን አልከፍትልሽም፣ ራስሽ ክፈቺው።

ወላዲተ አምላክ ጾሙን በሰላም አስፈጽማ ከበረከቷ ታድልሽ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።

የክርስትና ልጅሽ እናት
ኮሎምበስ